የዳኛ አስረስ ራስጌ

በአንድ ወቅት፣ ንጉሥ በየወንዙ ማዶ በሞላበት፣ ጨው ግን በአንድ አገር ብቻ በሚገኝበት ዘመን፣ ዘልማና ቆራስ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት አገሮች ነበሩ። ጨው ያላት ቆራስ ናት። ዘልማ እህል፣ ማርና መዓት ሹማምንት ነበሯት። ፍርድ አውቃለሁ የሚል ጆሮውን ይስጥ፤ መጨረሻ ላይ ይጠየቃልና።

በቆራስ አስረስ የሚባል ዳኛ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጉርሻውን በእጁ ይዞ ሐሳብ የሚወስደው ዓይነት ሰው ነው። አንድ ዓመት ጤፍ በደረሰበት ወራት የቆራሱ ንጉሥ የአድያም ፈረሶች ከአንድ መንደር ማሳ ገብተው አዝመራውን አጋደሙት። መንደርተኞቹ ፈረሶቹን በዱላ ሲያባርሩ ንጉሡ የሚወደው ፈረስ ገደል ገብቶ ሞተ። አድያም መንደርተኞቹን በሙሉ አስይዞ አስረስ ፊት አቆማቸው። «ቅጣታቸውን ንገረኝ» ብሎ ላከበት፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀውም። አስረስ ሁለቱንም ወገን ሰማ፤ ማሳው ድረስ ሄዶ አየ፤ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና «ጥፋተኛው የፈረሱ ባለቤት ነው» ብሎ ፈረደ።

ፍርዱን እንዲያነሣ መጀመሪያ ተለመነ፤ ቀጥሎ ተዛተበት። «ያየሁትን አላየሁም ብል ነገ ማን ዳኛ ይለኛል?» አለ። መንደርተኞቹን እንዳሉ ለቀቋቸው፤ ሕዝቡ ሁሉ ፍርዱን ሰምቶ ነበርና። እሱን ግን ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ላይ አውጥተው አሰሩት።

ሚስቱ ትርንጎ በቆራስ ብትቆይ አድያም እንደማይተዋት ገባት። ዘመድ የተባለ ሁሉ ፈርቶ ደጁን ዘጋባት። ስለዚህ የቻለችውን ተሸክማ ወንዙን ተሻገረችና ዘልማ ገባች። የዘልማው ንጉሥ ኢያቄም «የተገፋ ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ» የሚል ንጉሥ ነበር። ይህን በየበዓሉ ይናገራል፤ ድምፁም ያምራል። ትርንጎ እውነት መስሏት መጣች።

ያስጠጋቻት እትዬ ዘርፌ የምትባል፣ ሸማኔ ባሏ የሞተባት ባልቴት ናት። ትርንጎ የዘርፌን ጥጥ እየፈተለች ታድራለች፤ የችሎት ቀን ሲሆን ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ መንግሥት ደጅ ትጠናለች። የምትለምነው ባሏ በሕይወት ሳለ አንድ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግለት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው ጸሐፌ ትእዛዝ ላቀው ዘንድ ነው። ላቀው የንጉሡን አዋጅ የሚጽፍ፣ ቃል የሚያሳምር፣ ከብዕር የከበደ ነገር አንሥቶ የማያውቅ ሰው ነበር።

«ጌታዬ፣ ስሙን በአዋጅ ያስጠሩልኝ» አለችው። «እዚህ አደባባይ ላይ ስሙ ከተጠራ አድያም ሊገድለው ይፈራል።»

ላቀው አዘነላት፤ ማዘን ይችልበት ነበር። «የሰው አገር እስረኛ ስም በእኛ ነጋሪት አይጠራም፣ እህቴ። በልባችን ግን ይዘነዋል» አላት።

ቀጥላ የጨው በር ጠባቂውን ፊታውራሪ ደምስን ለመነች። ከቆራስ የሚመጣ ጨው ሁሉ የሚያልፈው በእሱ በር ነው። «አድያም ሠራዊቱን የሚያሳድረው በጨው ንግድ ነው። በሩን ለጥቂት ጊዜ ቢዘጉበት ጨንቆት ይፈታዋል» አለችው።

ደምስ ሳቀ። «አንቺ ሴት፣ ለአንድ ዳኛ ብዬ አገር አልጫ ይብላ?»

በመጨረሻ ሊጋባ ጥሩነህ ጋ ደረሰች። ሊጋባው እንግዳ ወደ ንጉሡ የሚያስገባ፣ ከጎረቤት ነገሥታትም ጋር የሚላላክ፣ ሲራመድ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። «እርስዎ አድያምን ያውቁታል፤ አንድ ጊዜ ሄደው ይለምኑልኝ። ቢያዋርድዎትም ስለ ሰው ነፍስ ነው» አለችው።

«የንጉሥ ኢያቄም ሊጋባ ለሌላ ንጉሥ ጎንበስ አይልም» አላት። «ይህ ወገብ የእኔ ብቻ መሰለሽ? የዘልማ ነው።»

ትርንጎ ወደ ቤት ስትመለስ ዘርፌ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«አንዱ በልቡ ይዞታል። አንዱ ጨው ይወዳል። አንዱ ወገቡን ያመዋል።»

ቢሆንም ደጅ መጥናቷን አልተወችም። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ደግሞ ገባ። ሹማምንቱ ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ መቀየር ጀመሩ። እሷም በየትኛው በር እንደሚያመልጡ ስላወቀች በዚያው በር ትቆማለች። ሲያገኟት ይስቃሉ፣ ጤናዋን ይጠይቃሉ፣ «ነገሩ እየታየ ነው» ይሏታል። ማን እንደሚያየው የነገራት የለም።

አንድ ገበያ ቀን ከቆራስ ጨው ጭኖ የመጣ ሽማግሌ በሰው መሐል ፈልጎ አገኛትና ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ልጄ፣ ዳኛው አለፈ። በብርድ ሞተ ነው የሚሉት።»

«የሚሉት እነማን ናቸው?»

«ያሳሰሩት ናቸው።»

ትርንጎ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንባ አልመጣላትም። የመጣላት የባሏ ግራ ጆሮ ነው። አስረስ በግራ ጆሮው አይሰማም ነበርና ከሳሽም ተከሳሽም ሲናገር ሰውነቱን በሙሉ ወደ ሰውየው ያዘነብል ነበር። የማያውቁት «ዳኛው ለድኃ ይሰግዳል» ብለው ያሙት ነበር። እዚያ አምባ ላይ የመጨረሻውን ቃል ማን ነገረው? በየትኛው ጆሮው በኩል ቆሞ? ሽማግሌው ከአጠገቧ ተቀምጦ የያዘውን ውኃ ሰጣትና እስክትነሣ ጠበቃት።

ወሬው ቤተ መንግሥት ሲደርስ ንጉሡ ሹማምንቱን ሰበሰበ። በአዳራሹ የተባለውን በግቢው የሚያገለግሉ ሴቶች በኋላ ለዘርፌ አንድ በአንድ ነገሯት።

«ሞተ እንበል ወይስ ዐረፈ?» ብሎ ጠየቀ ንጉሡ።

«ሞተ ካልን በምን ሞተ የሚል ይመጣል፤ ዐረፈ ይሻላል» አለ ላቀው።

«ዝም ብንልስ?» አለ ደምስ።

«ዝም ካልን ያኮረፍን ይመስላል፤ ከተናገርን ደግሞ ያዘንን ይመስላል» አለ ጥሩነህ።

በዚህ ላይ እንዳሉ ምሳ ደረሰ። ከምሳ በኋላ ሁሉም ተስማሙ፤ ለንጉሥ አድያም የሐዘን መልእክት ይላክ ተባለ። ገዳዩን «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ሊሉት ነው። መልእክተኛው አንድ ገንቦ ማር አስጭኖ ሄደ። አድያምም በሰውየው ሞት እጅግ እንደተጎዳ፣ ማሩም ጥሩ እንደሆነ መልሶ ላከ። ንጉሥ ኢያቄም ነገሩ በሰላም በማለቁ ደስ አለው።

ትርንጎ ይህን በሰማች ጊዜ ፀጉሯን ተላጨች። ሄዳም ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ፊት ለፊት፣ አደባባዩ ላይ፣ አፈር ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ ማንንም አልጠራችም። ዘርፌ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። የሰፈሩ ሴቶች ዘርፌን አይተው መጡ፤ ባሎቻቸው ሴቶቹን ፍለጋ መጡ። የመጣው ሁሉ «ምን ሆና ነው?» ሲል ዘርፌ የፈረሶቹን ነገርና የዳኛውን ፍርድ ትነግረዋለች። በዘልማም ፈረስ ያላቸው ጌቶች፣ የተረገጠ ማሳም ሞልቶ ነበር። ገበሬው ፍርዱን እየሰማ ይቀመጣል። ቀኑ ሲጋመስ አደባባዩ ጢም አለ።

ንጉሡ ሰገነት ላይ ወጥቶ አየ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«የቆራሱ ዳኛ ነው፣ ጃንሆይ» አለው ላቀው።

ንጉሡ አደባባዩን እንደገና ቃኘ። «ታዲያ እኛ የማናለቅሰው ለምንድን ነው?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤተ መንግሥቱ ሐዘን ተቀመጠ። ግቢው በሙሉ ከል ለበሰ። ሦስቱ ሹማምንትም፣ ሐዘን ሹመት ያመጣ እንደሆነ ብለው፣ እያንዳንዳቸው ተነሡ።

ላቀው አዋጅ ጻፈ። እንዲህ ያለ አዋጅ በዘልማ ተሰምቶ አይታወቅም። ሚዛን ተሰበረ፣ የድኃ ጆሮ ተደፈነ፣ የቀና ሰው ዐረፈ የሚል ነው። በመካከሉ «ጥፋተኛው የፈረሱ ባለቤት ነው» የሚለውን ፍርድ እንዳለ አስገባበት፤ ያስገባውም ቤት ስለመታለት ነው ይባላል። ነጋሪት ተጎስሞ ሲነበብ ጎልማሳው ሁሉ ዓይኑን ጠረገ። ላቀው ራሱ ሲያነበው አለቀሰ፤ በተለይ ያማሩት ቦታዎች ላይ።

ትርንጎ እስከ መጨረሻው ሰምታ ወደ እሱ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ማን እንደገደለው አልተጻፈም።»

«የሐዘን አዋጅ ነው፣ እህቴ፤ ክስ አይደለም።»

«የሰው አገር እስረኛ ስም በነጋሪት አይጠራም ብለውኝ ነበር።»

«ያኔማ በሕይወት ነበር» አላት፣ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ።

ነገር ግን አዋጁ ሥራ ሠራ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጨው ጫኞች በቃላቸው ይዘውት ወንዝ ተሻገሩ። በቆራስ ገበያ ሴቶች እህል እየሰፈሩ «ጥፋተኛው የፈረሱ ባለቤት ነው» ይባባሉ ጀመር። አድያም ያፈነው ስም አገሩ ውስጥ ተመልሶ ገባ፤ ሁሉን ሰው ማሰር ደግሞ አይችልም።

ፊታውራሪ ደምስ የላቀው ስም ከፍ ከፍ ማለቱን ሲያይ እንቅልፍ አጣ። ንጉሡን ሳያስፈቅድ የጨው በሩን ዘጋው። በፈረስ ተቀምጦ አደባባይ መጣና «የዳኛው ደም እስኪመለስ አንዲት ቅንጣት ጨው አታልፍም» ብሎ ፎከረ። ትርንጎ ያን ጊዜ ልቧ ሞቀ። በመጨረሻ አንድ ሰው ደም የሚለውን ቃል ከአፉ አወጣ። በነጋታው ለማመስገን በሩ ድረስ በእግሯ ሄደች።

በሩ ላይ ያገኘችው የአድያምን ወታደር አልነበረም። ደምስ ያሰረው ጨው ጫኞችን ነው፤ በቅሎ እየነዱ የሚያድሩ ድኆችን። የቀማው ጨው ወደ ራሱ ጎተራ ይገባል። ከታሰሩት መካከል ያ ገበያ ላይ ውኃ የሰጣት ሽማግሌ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ከበቅሎው ጋር ታስሯል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«እነዚህ ምን አደረጉ?» አለችው ደምስን።

«ቆራሶች ናቸው።»

«እኔም ቆራስ ነኝ።»

«አንቺማ የእኛ ሐዘንተኛ ነሽ።»

ስለ ሽማግሌው እየለመነችው ፈረሱን አዙሮ ሄደ። ሽማግሌው ከዚያ እስር አልወጣም፤ እዚያው ሞተ። ለእሱ አዋጅ አልተነገረም፤ ከልም የለበሰ የለም። ትርንጎ በሩ አጠገብ ከዘርፌና ከታሳሪ ጓደኞቹ ሚስቶች ጋር ቀበረችው፤ ባሏን ያላለቀሰችውን ያህል ለእሱ አለቀሰች።

ነገር ግን የበሩ መዘጋትም ሥራ ሠራ። የአድያም ወታደሮች ድርጓቸው ሲቀር ማጉረምረም ጀመሩ። ገበያ ላይ የዳኛው ፍርድ፣ ሰፈር ውስጥ የወታደር ቁጣ ሲሆንበት አድያም ማታ ማታ ቤቱን መለዋወጥ ጀመረ ይባላል።

በዘልማም ሰው አልጫ መብላት ሰለቸው። ዳኛውን ያለቀሰው ሕዝብ ወጡን እየቀመሰ ፊቱን ያጨማድድ ጀመር። ንጉሡ ይህን ሲሰማ ሊጋባ ጥሩነህን ጠራና «እስቲ አንተ አንድ ነገር አድርግ» አለው። ምን እንደሚያደርግ አልነገረውም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ንጉሥ አይናገርም።

ጥሩነህ ያን የዘልማን ወገብ ይዞ ቆራስ ሄደ። በአድያም አደባባይ፣ ሕዝብ እያየው፣ እንደ በደለኛ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ወደቀ። በመስቀል ምሎም ተናገረ። «ዳኛ አስረስ በድሎ ነበር። ንጉሥ አድያም ይቅር ብሎት ነበር። የሞተውም በብርድ ነው» አለ። አድያም የሚፈልገው ይህን ነበር፤ ያውም ከሟቹ ወዳጆች አፍ። የበሩን መከፈት ቃል አስገብቶ ሬሳውን ፈቀደለት።

ሊጋባው አምባው ላይ ራሱ ወጣ። አድያም ቅበሩት ስላላለ ጠባቂዎቹ ሬሳውን በጨው ውስጥ አቆይተውት ነበር። ማንም ሊነካው አልፈለገም። ጥሩነህ በገዛ እጁ ጨዉን አራገፈለት፤ አጠበው፤ የራሱን ኩታ አውልቆ ገነዘው። ቁልቁለቱንም ከቃሬዛው ሥር ገብቶ አወረደው። ዘልማ ሲደርስ ከንጉሡ በፊት የሄደው ወደ ዘርፌ ቤት ነው። ትርንጎ ፊት ቆሞ፣ ተቀመጥ ቢባልም እንቢ ብሎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ነገራት።

«በብርድ አልሞተም። አንገቱ ላይ የገመድ ምልክት አለ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ትርንጎ «ይህን አደባባይ ላይ ይናገሩታል?» አለችው።

«አልናገርም። ምዬአለሁ። ደግሞም ብናገር ነገ ጦርነት ነው፤ የሚሞተውም ደምስ አይደለም።»

የሊጋባው አንገት ላይ ድንጋዩ የላጠው ቦታ ገና አልሻረም ነበር። እጁን ልሳመው ወይስ ፊቱ ላይ ልትፋ እያለች፣ አንዱንም ሳታደርግ ወጥቶ ሄደ።

የቀብሩ ቀን የዘልማ ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በዘልማ አንድ ሥርዓት ነበር። ሰው ከአገሩ ውጭ ሲቀበር፣ ከአገሬው አንዱ በመቃብሩ ራስጌ ይቆምለታል። ራስጌ የቆመው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሟቹ ወንድም ነው። ሟቹ እንዴት እንደኖረ፣ እንዴት እንደሞተ፣ በችሎትም በተዝካርም የሚናገር እሱ ነው። ሌላው የፈለገውን ቢያወራ ወሬ ነው፤ የራስጌው ሰው ቃል ግን ምስክርነት ነው። ሥርዓቱ ራስጌውን ለሴት አይሰጥም፤ ለባዕድም አይሰጥም። ትርንጎ ሁለቱም ነበረች።

አስረስ በሕይወት ሳለ ስሙን ለመስማት የሸሹት ሦስቱ ሹማምንት ራስጌውን እኔ እኔ ተባባሉበት። ያንን ቦታ የያዘ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዟልና።

«እኔ ባልጽፍ ስሙ አምባው ላይ በቀረ ነበር» አለ ላቀው። «አድያምን ያስፈራው ቃሌ ነው።»

«ቃል ሆድ አይነካም» አለ ደምስ። «በሩን ባልዘጋ አድያም ሊጋባውን ደጁ ላይ ያሳድረው ነበር።»

ጥሩነህ «ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብቻ አለ።

ንጉሡ ሦስቱንም ሰማ። ማናቸውን ቢሾም ሁለቱ እንደሚያኮርፉት ያውቃልና ፈገግ ብሎ «የሟቹ ሚስት ትምረጥ» አለ። ሕዝቡ በንጉሡ ፍትሕ ተደነቀ። ንጉሡ ግን አልጨረሰም። «መምረጥ ካቃታት ራስጌው ላይ እኔ ራሴ እቆማለሁ» አለ።

ትርንጎ ገባት። ዝም ካለች ባሏ በየበዓሉ «የተገፋ ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ» ከሚለው ንግግር ጋር እየቀረበ ሊኖር ነው። ተነሥታ ቆመች። ከል የለበሱትን ሦስቱን ሰዎች ተራ በተራ አየቻቸው። ከሦስቱ አንዱም እንኳ ዓይኑን አልሰበረም።

«ጃንሆይ» አለች፣ «ስሙን በነጋሪት አስጠሩልኝ ብዬ ለምኜ ነበር። የጨው በሩን ዝጉልኝ ብዬ ለምኜ ነበር። አንድ ሰው ሄዶ ይስገድልኝ ብዬም ለምኜ ነበር። ሦስቱም አይቻልም ተባልኩ። አሁን ሦስቱም ተችሎ ሬሳ መጣ። ያኔ ቢቻል ኖሮ ይመጣ የነበረው ሰው ነው።»

ላቀው ቃሏ አማረለትና ራሱን ነቀነቀ። ደምስ የፈረሱን ልጓም አስተካከለ። ጥሩነህ መሬት መሬት አየ። ንጉሡ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ያለፈው አለፈ። ፀሐይዋ እየገፋች ነው፤ ምረጪ» አላት።

ትርንጎ ወደ ዘርፌ ዞረች። «እትዬ ዘርፌ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ ብሆን ሦስቱንም ከሥሩ አስገባቸው ነበር» አለች ዘርፌ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «እሱ ግን ምን በደለ?»

ከኋላ የሳቁ ሰዎች ነበሩ፤ ንጉሡ ሲያያቸው አቆሙ።

ቀባሪዎቹ ሬሳውን በጥሩነህ ኩታ እንደተገነዘ ወደ ጉድጓዱ አወረዱት። ራስጌው ባዶ ነበር። ትርንጎ ላቀውን አየችው። እሱ ራስጌ ቢቆም የባሏ ስም ከአገር አገር ይዘልቃል፤ ሰው ሲሰማው ያለቅሳል፤ ገዳይ ግን መቼም አይኖረውም። ደምስን አየችው። እሱ ቢቆም ገዳዩ በስሙ ይጠራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በር ላይ የሚታሰር ሽማግሌ በአስረስ ስም ይታሰራል። ጥሩነህን አየችው። የባሏን ሬሳ የነካ፣ እውነቱንም ያየ እሱ ብቻ ነው፤ ባሏን በደለኛ ብሎ በመስቀል የማለም እሱ ብቻ ነው። እውነቱ በእሱ አፍ ውስጥ ይኖራል፤ ምናልባት አንድ ቀን ይወጣ ይሆናል፤ ምናልባትም ከእሱ ጋር ይቀበራል። ቀና ብላ ንጉሡን አየችው። እሱ መጎናጸፊያውን ሰብስቦ ለመቆም ተዘጋጅቷል።

ትርንጎ ንቀቷን ዋጥ አደረገችና ለመናገር አፏን ከፈተች።

እንግዲህ ፍርድ አውቃለሁ ያለ አሁን ይናገር። ላቀው ባይጽፍ የደምስን በር ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ደምስ ባይዘጋ አድያም ጥሩነህን አይሰማውም ነበር። ጥሩነህ ባይወድቅ ዳኛው ዛሬም በጨው ውስጥ ነበር። ሦስቱም ያደረጉትን ያደረጉት የማይጠቅምበት ጊዜ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ካልቆመ ደግሞ ንጉሡ ይቆማል። የዳኛ አስረስ ራስጌ ለማን ይገባል?